ብርድ የሚችለው ዛፍ ጅማ ላይ ምን አጥቶ ይሞታል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ወንድሜ ካናዳ ነው የሚኖረው። እዚያ ለገና ቤት ውስጥ የሚያቆሙትን ዛፍ፣ ባልሳም ፈር የሚሉትን፣ ዘሩን ልላክልሽ ይለኛል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይችላል አለኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ እንደውም ይመቸዋል ብዬ አሰብኩ። ግቢያችን ወደ ጂሬን በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፣ ምስጥም አለብን። እናቴ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም፣ ግርማ ሞገስ ያለው ዛፍ ግቢዋ ውስጥ ማየት ትፈልጋለች። ዘሩን እንዴት ልዝራው? ችግኙንስ መቼ መሬት ላውርደው? መልሱ ቢረዝምም አነበዋለሁ።»

እህቴ፣ አዎ ይረዝማል። ዋናውን ግን ከፊት ልንገርሽ። ዘሩ ጅማ ላይ ይበቅላል። ዛፍ ግን አይሆንም። ጣት የሚያክል ችግኝ ሆኖ አንድ ሁለት ዓመት ይቆይና ይሄዳል። ይህን የምልሽ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ራሴም ሞክሬ አፍሬበታለሁ። ወደ ታች እነግርሻለሁ። እናትሽ የሚመኙትን ዓይነት ዛፍ ግን ማግኘት ይቻላል። ለዚያ ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በለጤ ጌራ ደን ውስጥ ቆሞልሻል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። «ከዜሮ በታች 40 የቻለ ዛፍ ጅማን እንዴት ያቅተዋል?» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ደግሞም ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ጥፋቱ ያለው «ይችላል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ፈር ብርዱን ችሎ የሚያሳልፍ ዛፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጅማ ገነቱ በሆነች ነበር። ግን ብርዱን ይፈልገዋል። እንደ ውኃ፣ እንደ ፀሐይ ይፈልገዋል።

የጅማ ሰው ስለሆንሽ በቡና ላስረዳሽ። ጥር ላይ አንድ የቡና ቅርንጫፍ ቀርበሽ እዪ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ብብት ላይ የክብሪት ጫፍ የሚያካክሉ አረንጓዴ እምቡጦች ተኮልኩለው ታገኛለሽ። ቆመዋል። አይረግፉም፣ አያብቡም። ከዚያ ደረቁ ወር አልፎ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ይወርዳል። ሳምንት፣ ዐሥር ቀን ያህል ትቆያለሽ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሺ ጓሮው ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ሽታው በር ድረስ መጥቶ ይጠብቅሻል። ቡናው በአንድ ጊዜ ያበበው ደረቁ ስላለፈበት ነው። ደረቅ ወር በሌለበት አገር ቡና አበባው ይበታተናል፤ ዛሬ ሁለት፣ የዛሬ ወር ሦስት። ለቃሚ የሚያሰለች ቡና ነው።

የፈርም እምቡጥ ነገሩ ይኸው ነው፤ በደረቁ ፋንታ ብርዱን አስገቢ። ካናዳ ውስጥ ቀኑ ማጠር ሲጀምር የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ በሙጫ በተለበጠች ትንሽ እምቡጥ ይዘጋል። ያቺ እምቡጥ የሚቀጥለውን ዓመት ቅጠል ሁሉ አጣጥፋ ይዛለች። ከዚያ ለብዙ ሳምንታት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ወይም ከዚያ የባሰ ብርድ ውስጥ መቆየት አለባት። ብርዱን ስትጠግብ፣ ሙቀት ሲመጣ ትከፈታለች። ብርዱን ካልጠገበች ሙቀቱ ምንም አይነግራትም። ተዘግታ ትቀራለች፣ ወይም ከዐሥሩ አንዱ እየተጣመመ ይወጣል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጋቢ የሚያስወጣ ብርድ ነው። ግን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ጀርባሽን ያሞቀዋል። ፈር የሚፈልገው እንዲህ ቀን የሚሰረዝ ብርድ አይደለም። ሌትም ቀንም የማይላቀቅ፣ ለወራት የሚቀመጥ ብርድ ነው። ባሌ ተራራ ላይ ብትወጪ እንኳ ችግሩ አይፈታም። ውርጩ ሌሊት ይመጣል፣ ቀን ይሄዳል፤ ወር ሙሉ የሚተኛበት ጊዜ ግን የለም።

ሁለተኛው ነገር የቀኑ ርዝመት ነው። ይሄኛው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሞንትሪያል ላይ በሰኔ ቀኑ ከ15 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ በታኅሣሥ ከ9 ሰዓት ያንሳል። ጅማ ላይ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ፈር ደግሞ ጊዜን የሚቆጥረው በዚህ ነው። ካናዳ ውስጥ ቀኑ 12 ሰዓት የሚሆነው መስከረም ላይ ነው፤ ዛፉ ሥራውን አቁሞ እምቡጡን የሚዘጋበት ወቅት። እንግዲህ አስቢው። ጅማ የገባ ፈር የሚያየው ሁልጊዜ መስከረም ነው። ሱቁን ዘግቶ ለመተኛት ይዘጋጃል። ሌሊቱ ግን አይመጣም። ስሙ ራሱ «ፈር» ነው፤ እዚህ ሲመጣ ግን ፈሩን ይለቃል።

የ40 ዲግሪውን ነገርም ሳላልፈው። ወንድምሽ አልዋሸሽም። ባልሳም ፈር በጥር ወር ያንን ብርድ ይችላል። ግን ያው ዛፍ፣ ያው ቅርንጫፍ፣ በግንቦት መጨረሻ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሳለ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ የሆነ ውርጭ ቢመታው አዲሱ ቅጠል ይቃጠላል። ብርድ መቻል አብሮት የሚወለድ ቋሚ ጥንካሬ አይደለም። ቀኑ ሲያጥር፣ ብርዱ ቀስ እያለ ሲጨምር፣ ዛፉ ከሴሎቹ ውስጥ ውኃውን እያስወጣ፣ ስኳሩን እያበዛ፣ ለወራት የሚሠራው ዝግጅት ነው። ሲሞቅ ደግሞ ያፈርሰዋል። ጅማ ያደገ ፈር ይህን ዝግጅት ሠርቶት አያውቅም። ስለዚህ «ብርድ የሚችል ዛፍ ነው» የሚለው ስም እንኳ እዚህ ልክ አይሆንም።

አንድ የቋንቋ ጣጣም አለ። የእነሱን «ዊንተር» በአማርኛ ክረምት እንለዋለን። የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። የእነሱ በረዶና ብርድ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ማለትም የኛ በጋ። ሰው ከፈረንጅ መመሪያ ላይ «በክረምት ውኃ ቀንሱ» የሚለውን ይተረጉምና ችግኙን እንዴት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። በሌላ በኩል «በበጋ አዘውትራችሁ አጠጡ» የሚለውን ደግሞ ሐምሌ ላይ የሚያደርግ አጋጥሞኛል። ጅማ ላይ፣ በሐምሌ፣ ማጠጫ ይዞ!

አፈርሽ ላይ ግን ፈር ቅር አይለውም። ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ፈርም ለዘብ ያለ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል። ጣጣው ውኃው ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ቀይ አፈር ደግሞ ሲረገጥ ይጠጥራል፣ ውኃ ይይዛል። ፈር አጥብቆ ከሚፈራቸው በሽታዎች አንዱ ፋይቶፍቶራ የሚሉት ሥር አበስባሽ ነው። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለገና የሚሸጥ ፍሬዘር ፈር የሚያለሙ ገበሬዎች ያለቀሱበት በሽታ ነው። አንድ ጊዜ ማሳ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ብዙዎቹ ያንን መሬት ትተው ሌላ ይፈልጋሉ። የሚስፋፋው ሞቅ ባለና በረጠበ አፈር ነው። ሞቅ ያለና የረጠበ አፈር ስል የትኛው ከተማ ትዝ እንዳለሽ አውቃለሁ።

ፈር ደግሞ ብቻውን አይኖርም። ሥሩ ላይ ተጣብቀው ማዕድንና ውኃ የሚያቀብሉት ፈንገሶች አሉ። ጥድና ዝግባ የሚጠቀሙበት የፈንገስ ዓይነት ሌላ ነው፤ ለፈር አይሆነውም። የፈር ዘመድ የሆነው ፓይነስ መጀመሪያ ወደ አፍሪካ ሲመጣ በብዙ ቦታ ችግኙ ቢጫ እየሆነ ያስቸግር የነበረው የሚስማማው ፈንገስ አፈሩ ውስጥ ስላልነበረ ነው፤ ከአሮጌ የፓይነስ ማሳ አፈር እየተወሰደ ሲጨመር ነው የዳነው።

አሁን ወደ እኔ ውርደት። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመጣ ኤንቨሎፕ ውስጥ የፈር ዘር አመጣልኝ። እንዴት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ያ ጥፋቴ ነው። ዘሩን ለአንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። በረጠበ አሸዋ አሽቼ፣ በፕላስቲክ ቋጥሬ፣ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከቅቤው ዕቃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ የተበላሸ ነገር መስሏት ሁለት ጊዜ ልትጥለው ነበር። መብራት ሲጠፋ እንደ ክትባት ጠባቂ ፍሪጁን ማንም እንዳይከፍት እከለክል ነበር። ከወር በላይ ቆየ።

ስዘራው የተወሰነው በቀለ። ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። ከአፈሩ ቀጥ ያለች ቀጭን እንጨት ትወጣለች፤ ጫፏ ላይ አራት አምስት ቅጠሎች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ይዘረጋሉ። መሐላቸው ትንሽ ቅጠል ይጨምራሉ። ከዚያ መሐል ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብ ታየች። እምቡጥ ናት። «አረፈች፣ ትነሣለች» አልኩ። ጠበቅኩ። ደረቁ አለፈ፣ በልጉ ዘነበ፣ ክረምቱ ገባ። ነጥቢቱ እንደተዘጋች ናት። በሁለተኛው ክረምት ቅጠሎቹ ከታች ወደ ላይ ቢጫ ሆኑ። አንዷን ነቅዬ ሥሩን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቆዳው እንደ ካልሲ ተንሸራቶ በእጄ ቀረ፤ ውስጡ ክር ብቻ ነበር። የበሰበሰ ሥር እንዲህ ነው። መጨረሻው ይህ ሆነ።

«በቃ፣ ችግኙንም ከነፖቱ ፍሪጅ ላስገባው» ብትይስ? ይቻላል። እምቡጡ ከተዘጋና ከጠነከረ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለ ብርድ ለሁለት ወር ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ማውጣት። በየዓመቱ። ለአንድ ስንዝር ችግኝ የቤት ፍሪጅ ይበቃል። ሁለት ሜትር ሲደርስ ግን ፍሪጁንም አብረሽ ልታሳድጊው ነው። ለመጫወቻ፣ ለማየት ያህል ከሆነ አልከለክልሽም። ለእናትሽ ግቢ ግን አይሆንም።

ሞቃት አገር አጠገብ የሚኖር ፈር የለም ወይ? አለ። ከሁሉም ወደ ደቡብ የወረደው የጓቲማላ ፈር ነው። ጓቲማላና ሆንዱራስ ውስጥ በተራራ ላይ ይበቅላል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ፈር ይሳካል ቢባል፣ እጄን የማነሣው ለእሱ ነው፤ ያውም ለጅማ ሳይሆን ከዚያ በብዙ ለሚበልጥ ደጋ። ግን ለገና እየተቆረጠ ሊጠፋ የደረሰ ዛፍ ስለሆነ ዓለም አቀፍ ንግዱ ጥብቅ እገዳ አለበት። በኛ አህጉር ደግሞ አልጄሪያ ባቦር ተራራ ላይና ሞሮኮ ሪፍ ላይ የራሳቸው ፈር አላቸው። ከሰሐራ ወዲህ ግን በተፈጥሮ የበቀለ ፈር የለም።

ስለ ዘሩ ለወንድምሽ እንዲህ በይው። ዘር በኤንቨሎፕ አይላክም። ከሚላክበት አገር የእፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት፣ ከዚህ ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ የቢሮ ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ። ዘርና አፈር ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ በሽታ አገር ያጠፋል። ቡና ላይ በሚኖር ከተማ ውስጥ ይህን ማስረዳት አይከብደኝም።

ሌላም ልብ በይ። መንገድ ዳር «የፈረንጅ የገና ዛፍ» ተብሎ የሚሸጠው ችግኝ ፈር አይደለም። ብዙ ጊዜ አራውካሪያ ነው፣ ወይም ቱያ፣ ወይም የፈረንጅ ጥድ። ስሞቻችን ራሳቸው የተምታቱ ናቸው፤ ሸውሸዌን አርዘ ሊባኖስ የሚል ስንት ሰው አለ፣ ዘመዱ እንኳ ሳይሆን። ፈርን መለየት ከፈለግሽ ቅጠሉን ያዢ። ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው፣ አይወጋም። ገልብጠሽ ብታዪው ከሥሩ ሁለት ነጭ መስመር አለው። ስትነቅዪው ቅርንጫፉ ላይ ክብ፣ ንጹሕ ጠባሳ ይተዋል። ፍሬው ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደርስ እዚያው ላይ ይፈራርሳል እንጂ ተንጠልጥሎ አይወድቅም። የፓይነስ ቅጠል ግን በነዶ በነዶ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ እናትሽ። ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ግርማ ያለው፣ ልጅ ልጅ የሚያየው ዛፍ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ዝግባ ይትከሉ። አካባቢሽ ያሉ ሰዎች ብርብርሳ የሚሉት ነው። ኢትዮጵያ ከጥንት የራሷ የሆኑ፣ ከእነ ፈር ወገን የሚቆጠሩ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ብቻ አሏት፤ ጥድና ዝግባ። ጥድ ደረቅ ያለ ደጋ ይወዳል፤ ጅማ ላይ ይኖራል፣ ግን ውኃ ሲተኛበት ያኮርፋል። ዝግባ ግን የጅማን ዝናብ የሚወድ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ጠባብ፣ ረዘም ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የገና ዛፍ ቅርጽ የለውም፤ ይህን ከአሁኑ ንገሪያቸው። ሲያረጅ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅርፊቱ በሰሌዳ በሰሌዳ ይላጣል፤ ከሥሩ ቆመሽ ቀና ስትይ ነጠላሽ ከራስሽ ይወድቃል።

ዘሩን አትዝሪ፣ ችግኝ ግዢ። የዝግባ ዘር ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት አለው፤ ካልተሰነጠቀለት ለወራት ዝም ይላል። ችግኝ ጣቢያ ስትሄጂ ትልቁን አትምረጪ። ትልቁ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ውስጥ ከርሞ ሥሩ ተጠምጥሟል። ክንድ የማይሞላ፣ ግንዱ ደንደን ያለ፣ ከፕላስቲኩ ሥር ሥሩ ያልወጣ ይሁን። ከ30 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ከቤቱ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ የመብራት ገመድ ሥር ፈጽሞ አይሁን። ወንድና ሴት ዛፍ አለው፤ በችግኝነቱ አይለይም። ሴት ከወጣልሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢጫ ፍሬ ታፈራለች፣ ወፍና ጦጣ ይሰበሰብልሻል።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ አስቆፍሪ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲም ያህል። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ቀይ ለብቻ አውጪ። ስትተክዪ ጥቁሩ ከሥሩ ይገባል። ጅማ ላይ የቡና ገለባ በሽ ነው፤ ግን የበሰበሰውን፣ እጅሽ ላይ እንደ አፈር የሚፈረፈረውን ብቻ ቀላቅዪ። ትኩሱ ይግላል፣ ምግቡንም ይሻማል። ሰኔ ዝናቡ ሲረጋ ትከዪ። ነሐሴ ካለፈ ለከርሞ ይቆይ፤ ሥር ሳይሰድ ደረቁ ይደርስበታል። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቂ። ይህን እንደ ቀላል የምናገረው ይመስልሻል። በየዓመቱ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ቆፍሬ አወጣለሁ፤ ባለቤቱ ደግሞ «አፈሩ እምቢ አለኝ» ይለኛል። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይወዳል። ከሙዝ ወይም ከእንሰት አጠገብ ብታደርጊው አይከፋውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ አጠጪው።

የገናው ነገር ከሆነ ግን ልብሽ ያለው፣ ለእሱ አራውካሪያ አለልሽ። አገሩ ኖርፎክ የምትባል ደሴት ናት፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ መሐል። ውርጭ አያውቅም፣ ስለዚህ ጅማን አይጠላም። ቅርንጫፉ ደርብ በደርብ፣ ክብ ሠርቶ ይወጣል፤ መብራት ለመጠቅለል የተፈጠረ ነው። ትልቅ ፖት ውስጥ አድርገሽ በረንዳ ላይ ብታስቀምጪው ለገና ሳሎን ይገባል፣ ከጥምቀት በኋላ ይወጣል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቂ። ጫፉን አትቁረጪ፤ ከተቆረጠ ቅርጹ አይመለስም። ስትገዢ ደግሞ ቅርንጫፎቹ ዙሪያውን እኩል የወጡ መሆናቸውን እዪ። ከጎን ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተተከለ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ወደ ጎን ነው የሚያድገው። ወደ ሰማይ ቀና ማለት አይሆንለትም። መሬት ካወረድሽው ግን ትልቅ ዛፍ ይሆናል፣ አስቢበት።

የፈረንጅ ጥድም ይቻላል፤ ቶሎ ያድጋል፣ በመቀስ ይቀረጻል። አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ጫፍ ብቻ ከርክሚ፤ እስከ ደረቁ እንጨት ከገባሽ አያቆጠቁጥም፣ ክፍተቱ ይቀራል። ቅርንጫፉ ከውስጥ ቡናማ እየሆነ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ክሽክሽ መሆኑን እወቂ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ታይቶ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተ፣ ከተራው ክሽክሽ ተለቅ የሚል ተባይ ነው። ለአጥር ካልሆነ እኔ አልመርጠውም።

ምስጡን ነግረሽኝ ነበር። ምስጥ የሚበረታው በደረቁ ወር፣ የተጠማ ችግኝ ላይ ነው። ውኃ የጠገበውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ገለባና ሣር አልብሺ፣ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ የተጠጋ ገለባ ለምስጥ ድልድይ ነው። በሳምንት አንዴ ጎንበስ ብለሽ ግንዱን እዪ። የጭቃ መስመር ካየሽ በእጅሽ ጠርገሽ አጥፊው፣ አመድ በዙሪያው ነስንሺ፤ አመዱ ዝናብ እስኪያጥበው ለጊዜው ያርቀዋል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አፍስሺ የሚልሽ ጎረቤት አይጠፋም። እሺ እንዳትዪው፤ ምስጡ ዞሮ ይመጣል፣ ሥሩ ግን አይመለስም። ግንቦት ላይ ጉድጓዱ ሲቆፈር አጠገቡ ሁኚ። ጎኑ ላይ እርሳስ የሚያስገባ የለሰለሰ ቀዳዳ ካየሽ የምስጥ መንገድ ነው፤ ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብለሽ ሌላ አስቆፍሪ።